በጨለማ የሚጫን ቱቦ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በምድር ቤቱ የማግኔት ክፍል ውስጥ የነበሩት ፕሮፌሰሩ፣ ቀማሚዋና ባለማሽኑ ናቸው። አራተኛ ሰው አልነበረም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈለገው፣ ነገሩ በየኮሪደሩ መወራት ከጀመረ ወዲህ «እኔም እዚያው ነበርኩ» የሚል ሰው ስለበዛ ነው።

ፕሮፌሰሩ በክፍሉ ካለችው አንዲት ወንበር ላይ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ቆመዋል፤ አቋቋማቸው ግን ለየቅል ነው። ባለማሽኑ በገዛ ቤቱ እንደቆመ ሰው ወገቡን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጓል። ቀማሚዋ ዕቃዋን ከሰው ቤት ልታወጣ እንደመጣች ሁሉ ከበሩ ሳትርቅ፣ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሳጥን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ቀማሚ የሚሏት ቀለም ስትቀምም ስለምትውል ነው። ጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ ነገር አይጠፋም፤ በሳሙናም በአሴቶንም አይለቅም።

ባለማሽኑ የታላቅ እህቷ ባል ነበር። ዛሬ አይደለም። ሥራ ባልደረቦቹ በቀልድ «የማሽኑ ባል» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣችለት ራሷ እህቷ ናት፣ ገና በደህናው ዘመን። ያኔ ማታ ማታ አምሽቶ እየገባ «ማሽኑ አመሸኝ» ይላል። እህቷ ታናሿን ትጠይቃለች፤ «እውነት ማሽኑ ይህን ያህል ያመሻል?» ቀማሚዋም «እውነቱን ነው እትዬ፣ ማግኔቱ እስኪረጋጋ ሰው እዚያው መሆን አለበት» ብላ ትመልሳለች። ማግኔቱስ እውነትም ቶሎ አይረጋጋም፤ ውሸቱ ሰውየው እዚያ አለመኖሩ ነው። አንድ ቀን እህቷ ከሥራ ስትመለስ ቁም ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ሸሚዞቹን ወስዶ ማንጠልጠያዎቹን በአንድ በኩል አስተካክሎ ደርድሮ ሄዷል። ያን ዕለት እህቷ ያለችው ከቀማሚዋ ጆሮ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ «እሱስ ዋሸኝ። አንቺ ግን መሰከርሽለት።»

ከዚያ በፊት «ጋሼ» ነበር የምትለው። ከዚያ በኋላ «አንተ» ሆነ። «አንተ»ም ሲበዛበት ነው።

አሁን በሳጥኑ ውስጥ ያለው ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ከእርሳስ የማይወፍር የኳርትዝ ቱቦ ነው፣ የውስጥ ግድግዳው ላይ ስስ ቅብ ደርቆበታል። በቅቡ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ሞለኪውል ተቀላቅሏል፤ አንዱ ሰጪ፣ አንዱ ተቀባይ። ብርሃን ሲያርፍበት ሰጪው አንድ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፣ ተቀባዩ ይይዛል። ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የፕላስቲክ ሰሌዳ ሁሉ ሥራው የሚጀምረው ከዚህች ዝላይ ነው። ዝላዩ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ፣ አንዱ ሲዘል በሰጪውም በተቀባዩም ዘንድ ብቻውን የቀረ ይገኛል፤ ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን ደግሞ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በትልቁ ማግኔት ሆድ ውስጥ አስገብተው በማይክሮዌቭ ሲጠይቁት «አለሁ» ይላል። ይህን ነው የስፒን ሬዞናንስ የሚሉት። መልሱ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉብታ ይወጣል፤ አንድ ጉብታ ለሰጪው፣ አንድ ጉብታ ለተቀባዩ። በጨለማ መስመሩ ሜዳ መሆን አለበት። ብርሃን ሲበራ ሁለቱ ጉብታዎች ብድግ ካሉ ቅቡ ሠራ፤ ካላሉ አልሠራም።

የዚያን ቀን የሚፈተኑት ሁለት ቅቦች ናቸው። አንደኛው የፕሮፌሰሩ የራሳቸው ነው፤ ጡብ የመሰለ ቀይ፣ እሳቸው ወጣት ሳሉ የሠሩት። ሁለተኛው የቀማሚዋ አረንጓዴ ነው፤ አሮጌው የማይነካውን የብርሃን ክፍል ጭምር ይበላል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት። ያሸነፈው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ሰሌዳ ይሠራበታል። የተሸነፈው መሳቢያ ይገባል። የፕሮፌሰሩ ቅብ መሳቢያ ቢገባ ፕሮፌሰሩ ፕሮፌሰር ናቸው። የቀማሚዋ መሳቢያ ከገባ ግን የላቦራቶሪው ቦታዋ አብሮ ይገባል፤ ይህን በግልጽ ነግረዋታል፣ «ልጄ፣ ሌላ የምሰጥሽ ሥራ የለኝም» ብለው።

ባለማሽኑ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው። መብራቱንም አጥፉልኝ።»

«ጠፍቶ?» አለች ቀማሚዋ።

«ጠፍቶ ነዋ። በጨለማ ነው የምጭነው።»

«በጨለማ እንደምትሠራማ አውቃለሁ። እህቴም ታውቃለች።»

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዋርሳዬ» አለ ባለማሽኑ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ዛሬ ይዘሽ የመጣሽው ቱቦ ነው ወይስ ነገር?»

«ዋርሳህ አይደለሁም። ዋርሳነቱን ከሸሚዞችህ ጋር ይዘኸው ሄደሃል። እኔ የምልህ፣ እጅህን እያየሁ ነው የምትጭነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ቱቦ ተለዋውጦብኛል።»

«ተለዋወጠ። ለወጠ አላልሽም?»

«አላልኩም። አሰብኩት እንጂ።»

«ማሰብሽን ፊትሽ ላይ እያነበብኩት ነው። መዝጊያ የለውም።»

«እናንተ ሰዎች!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ስድስት ሰዓት ላይ መሄዴ ነው። ቀዩ መብራት ይብራና ይጫን፣ እሷም ትይ፣ አንተም ሥራህን ሥራ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ መብራት ነው የጫንኩት፤ ምንም አልሆነም።»

ባለማሽኑ ፕሮፌሰሩን አላያቸውም። እሷን ነበር የሚያያት፣ ለረጅም ጊዜ፣ የሆነ ነገር ከአፉ ደርሶ እንደተመለሰ ሰው።

«ቀይ ይሁን ነው የምትይው? አንቺ?»

«ቀይ ይሁን።»

«ራስሽ ነሽ ያልሽው።»

«ራሴ ነኝ። ልማልልህ?»

«እንደወደድሽ» አለና የጣሪያውን መብራት አጥፍቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሿን ቀይ መብራት አበራ።

ክፍሉ ደም መሰለ። የሦስቱም ፊት አንድ ዓይነት ሆነ። ባለማሽኑ ሁለቱን ቱቦዎች ከፍ አድርጎ አሳያት፣ አስማተኛ ሳንቲም እንደሚያሳየው። የፕሮፌሰሩ ቱቦ በዚያ ብርሃን ባዶ ጠርሙስ መስሏል፤ ቅቡ ይኑር አይኑር አይለይም። የእሷ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል። ደስ አላት። ይህን የመሰለ ጥቁር ነገር በየት በኩል ይለውጠዋል? እስቲ ይሞክራት! ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀች። አሮጌውን መጀመሪያ ጭኖ ለካ። ቀጥሎ ጥቁሩን ቱቦ ጭስ በሚተፋው የፈሳሽ ናይትሮጅን ቴርሞስ ውስጥ ነከረ፤ አቆየው፤ አወጣው፤ አመዳዩን በጨርቅ ጠረገ፤ ወደ ማግኔቱ ሆድ ቀስ አድርጎ አወረደው። ከቴርሞሱ እስከ ማግኔቱ ድረስ አንድም ጊዜ ዓይኗን አላርገበገበችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች በልቧ።

የአሮጌው ቅብ ውጤት የታወቀ ነው። በጨለማ ሜዳ። ሌዘሩ ሲበራ ሁለት ጨዋ ጉብታዎች።

የእሷ ግን ገና ሌዘሩ ሳይበራ ሁለት ጉብታ አወጣ። ብርሃን ሳያገኝ! ሌዘሩ ሲበራ ደግሞ፣ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ሰነፍ ያህል፣ ትንሽ ቀና ብሎ ቀረ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሲቀንሱት የተረፈው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

«ቆሻሻ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ምን አሉ?»

«በጨለማ የሚጮህ ነገር አለበት። ስትቀምሚው የገባ ዝቃጭ ነው። ቅብሽ ቆሻሻ ነው፣ ልጄ።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት!»

«በቆሻሻ ውኃ አሥር ጊዜም ማጠብ ይቻላል።»

ጆሮዋ ጋለ። ወደ ባለማሽኑ ዞረች። እሱ ስክሪኑን እያየ ነው። ከንፈሩ ዳር ላይ ያለችውን ነገር ፈገግታ ማለትም አይቻል፣ አይደለም ማለትም አይቻል።

«ምን አደረግከው?»

«እጄ ዓይንሽ ሥር ነበር። ምን አደርገዋለሁ? ማሽኑ ያየውን ነው የሚናገረው።»

«አንተም እንደ ማሽኑ ያየኸውን ብትናገር ኖሮ እህቴ ዛሬ...»

«በቃ!» ፕሮፌሰሩ የወንበራቸውን ክንድ መቱ። «ይህ የቤተሰብ ጉባኤ አይደለም። ስድስት ሰዓት ስወጣ ውሳኔዬን ተናግሬ ነው የምወጣው። የምትይው ነገር ካለሽ ከዚያ በፊት። ከሌለሽ ሳጥንሽን ሰብስቢ።»

ቀማሚዋ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። መስኮት የሌላት፣ የጭስ መምጠጫው ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርምባት ክፍል አለቻት። ብስክሌቷንም ውጪ እንዳይሰርቁባት እዚያው በሩ ኋላ ነው የምታቆመው። ጋውኗን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ አማራት፣ ግን ንዴቱ እንባውን ቀድሞ አደረቀው።

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስታወራ መኪናዋን ስለማታቆም ንግግሯ ሁሉ በስፌት መኪና ታጅቦ ነው የሚመጣው።

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«ወደቀ።»

«ማን? እሱ?»

«የኔ ሥራ ነው እትዬ።»

መኪናው ቆመ። «እሱ ነዋ የጣለው! ነግሬሽ አልነበር? የቤቱን ሰው ያልማረ የጠረጴዛ ዕቃ ይምራል?»

«እጁን አይቻለሁ። ከዓይኔ አልተሰወረም። ቱቦውም የኔው ነው፤ ከሰል መስሎ ጠቁሮ ከሩቅ ይታይ ነበር።»

«የምን ከሰል?» አለች እህቷ። «ያንቺ ነገር አረንጓዴ አይደለም እንዴ? ጋውንሽ ላይ ያለው አልለቅ ብሎኝ ስፈትገው የዋልኩት አረንጓዴ ነው፤ ወይስ እኔ ነኝ ዓይኔ የጠፋው?»

ቀማሚዋ ጥፍሮቿ ሥር ያለውን አረንጓዴ አየች።

«ሄሎ? አለሽ?»

«ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ።»

ከመደርደሪያው ላይ የተረፈ ቅብ ያለበት ቱቦ አነሳች። አረንጓዴ ነው፤ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ። ብስክሌቷ ጋ ሄዳ የኋላ መብራቷን ነቀለች። ቀይ ነው። የክፍሉን መብራት አጥፍታ ቀዩን አበራችበት። ቅቡ ከሰል ሆነ።

ቀይ ብርሃን የበራበት ነገር የሚጠቁረው ቀዩን ሳይመልስ ሲውጠው ነው። ይህን ልጅ ያውቀዋል። የፕሮፌሰሩ ቅብ ቀዩን አይውጥም፤ ስለዚህ ባዶ ጠርሙስ መሰለ፤ ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀይ መብራት ጭነው ምንም አልሆነም። የእሷ ቅብ ይውጣል። አራት ዓመት የለፋችው ሌላ ምንም እንዲሆን ሳይሆን ቀዩን እንዲውጥ ነው! ከቴርሞሱ ወጥቶ ማግኔቱ ሆድ እስኪገባ፣ እሷ ዓይኗ እስኪቀላ እጅ ስትጠብቅ፣ ቅቡ ቀዩን ብርሃን ሲጠጣ፣ ኤሌክትሮኖቹም ከሰጪ ወደ ተቀባይ ሲዘሉ ነበር። በዚያ ብርድ ደግሞ የዘለለ አይመለስም፤ ደርቆ እዚያው ይቀራል። «ጨለማ» ብለው የለኩት ጨለማ አልነበረም። ሌዘሩ ሲበራ የሚዘል የቀረው ጥቂት ነው፤ ሌላው ቀድሞ ዘሏል።

ቆሻሻ አልነበረም። ቀይ መብራት ነበር። መብራቱ ይብራ ያለችው ደግሞ እሷ ናት። ያልጠረጠረ ቢመነጠር፣ የጠረጠረውም በገዛ እጁ ተመነጠረ።

ብስክሌቱ ላይ ተደግፋ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ነገር መጣባት። «ቀይ ይሁን ነው የምትይው? አንቺ?» አንቺ ያላት፣ ቅቡን የሠራሽው አንቺ ማለቱ ነበር። ያውቅ ነበር።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ባለማሽኑ ቴርሞሱን እየከደነ ነው። እሱን እንዳላየች ሆና ለፕሮፌሰሩ ብቻ ነገረቻቸው። የብስክሌቱን መብራት አውጥታ ከላይ ይዛው በወረደችው ቱቦ ላይ አበራችላቸው። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጥቁሩን ቱቦ አዩ፤ መብራቱን ወሰዱባትና ራሳቸው አጥፍተው አበሩት።

«ሊሆን ይችላል» አሉ በግድ። «ላይሆንም ይችላል። የወደቀ ሰው ምክንያት አያጣም።»

«መለየቱ ቀላል ነው። ቆሻሻ ከሆነ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም አይሄድም። የደረቀ ኤሌክትሮን ከሆነ ግን በጨለማ ሲያሞቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። በጨለማ ይሙቅ፣ በጨለማ ይመለስ፣ እንደገና ይለካ። ሜዳ ከሆነ እኔ ልክ ነኝ። ካልሆነ ሳጥኔን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ናይትሮጅን አለ?» ሲሉ ባለማሽኑን ጠየቁት።

«ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ለሁለት አይበቃም።»

ያኔ ዞረችበት።

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው!»

«ነገርኩሽ። በጨለማ ነው የምጭነው አልኩሽ።»

«ምክንያቱን አልነገርከኝም!»

«መቼ ጠየቅሽኝ? እጅህን አሳየኝ አልሽ፤ አሳየሁሽ። ዓይንሽ እስኪፈስ አየሽ።»

«የሰው ልፋት ገደል ሲገባ ቆመህ ታያለህ?»

«ሌባ ስባል ከርሜያለሁ፤ አንድ ቀን አፌን ከፍቼ መልስ ሰጥቼ አውቃለሁ? ዛሬም አልከፈትኩም። የለመድሽው ነው።» ጓንቱን አጠለቀ። «ስሚኝ። ቤቴ ዋሽቻለሁ። እዚህ ማሽን ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም። ብታምኚ እመኚ፣ ባታምኚ ያው ናይትሮጅኑ እየተነነ ነው።»

«እንግዲህ ጫነው። እዚሁ ጨለማው ውስጥ እቆማለሁ።»

«አትቆሚም። አንቺ ስትኖሪ እጄ ይንቀጠቀጣል። ትወጫለሽ። ፕሮፌሰርም ይውጡልኝ። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ኮሪደሩ ደግሞ ብርሃን ነው። ስለዚህ በሩን ትጠብቂያለሽ። ማንም እንዳይከፍተው። ማንም ስል አንቺንም ነው።»

ፕሮፌሰሩ በረጅሙ ተንፍሰው ተነሱ። «እኔ ላይ ሆኜ ስልክ እደውላለሁ። ሲያልቅ ጥሩኝ» ብለው ወጡ። ቀማሚዋ ጠዋት የተለካውን ቱቦ ሰጠችው። እጁ ላይ አላስቀመጠችለትም፤ ጠረጴዛው ላይ አኑራለት ወጣች። በሩ ተዘጋ። በበሩ ሥር የነበረችው የብርሃን ክር ጠፋች።

ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ኮሪደሩ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ቱቦው በጨለማ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈጃል፤ እጁን ማየት ቀርቶ መኖሩንም አታውቅም። ስልኳ ተንቀጠቀጠ።

«መልሼ እደውላለሁ አላልሽም ነበር? የት ነሽ?»

«በር ላይ።»

«የማን በር?»

«የባልሽ።»

«ባሌ አይደለም።»

«የሱ። በጨለማ እየጫነልኝ ነው። ሰው እንዳይከፍት እየጠበቅኩ ነው።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። እህቷ መኪና ሳታስነሳ ስታወራ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል።

«ብቻውን ነው?»

«ብቻውን ነው።»

«ሥራሽ እጁ ላይ ነው፣ እሱ ጨለማ ውስጥ ነው፣ አንቺ ውጪ ነሽ?»

«እትዬ፣ ሌላ መንገድ የለውም። ከበራ ይበላሻል።»

«እንዲህ ነው ያለሽ? ማሽኑ ብርሃን አይወድም? ያኔም ማሽኑ ነበር። ያኔም እሱ ጨለማ ውስጥ ነበር፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ «እውነቱን ነው እትዬ» ትይኝ ነበር። አሁንም እየጠበቅሽለት ነው!»

«ለሱ አይደለም። ለራሴ ነው።»

«ክፈቺው።»

«ምን?»

«በሩን ክፈቺውና ምን እንደሚሠራ እዪ። እኔ ያኔ መጥቼ ብከፍተው ኖሮ ማሽኑ ብቻውን ቆሞ ባገኘሁት ነበር። አልከፈትኩም፤ አንቺን አምኜ። ክፈቺው ነው የምልሽ።»

የቀማሚዋ እጅ ከኋላዋ የበሩን እጀታ አገኘው። ቀዝቃዛ ብረት ነው። በውስጥ በኩል የሆነ ነገር ኮሽ አለ፤ የቴርሞሱ ክዳን ይሆናል። ከዚያ ናይትሮጅኑ ሲፈላ እንደሚያሰማው ዓይነት እሽታ። ከዚያ ዝም። ወይ ቱቦው ተነክሯል፣ ወይ ሌላ ቱቦ ተነክሯል፣ ወይ ምንም አልተነከረም፣ ሰውየው ጨለማ ውስጥ ቆሞ እየሳቀባት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ግን ያየችው ልጥ ይሁን እባብ መለየት አቅቷታል። ብትከፍተው እጁን ታያለች። ብትከፍተው ቅቡ ይሞታል። ባትከፍተው ቅቡ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ በምትጠላው ሰው እጅ ነው፤ ግን በሕይወት ሊኖር ይችላል።

«ከፈትሽ?»

እጇን ከእጀታው ላይ አንስታ የጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«አልከፈትኩም፣ እትዬ።»

«ጥሩ። የሱን በር ስትጠብቂ የኔን እንዳታንኳኪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቀማሚዋ እንደቆመች ቀረች፤ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው፣ የሚያወራ ግን የለም።

«ጨርሻለሁ!» አለ ከውስጥ። «ቱቦው ገብቷል። ጥሯቸው።»

ፕሮፌሰሩ ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ። ለመሄድ የተዘጋጁ ሰው ናቸው፤ አልተቀመጡም። በስክሪኑ ብርሃን የባለማሽኑ ፊት አመድ መስሏል፤ ግንባሩ ላብ ነው። መስመሩ መሄድ ጀመረ። ግራ ጥግ ተነስቶ ቀኝ ጥግ እስኪደርስ ሜዳ። ጉብታ የለም። የጠዋቱ «ቆሻሻ» የት እንደገባ ማሽኑም አልተናገረም።

«ሌዘር» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ባለማሽኑ ማብሪያውን ተጫነ። ሁለቱ ጉብታዎች ከሜዳው ተነሱ፤ የሰጪው፣ ከጎኑ የተቀባዩ፤ ተነሱ፣ ተነሱ፣ ስክሪኑ አልበቃቸው ብሎ አናታቸው ተቆረጠ። ባለማሽኑ መለኪያውን ዝቅ አድርጎ መልሶ ለካ። የአሮጌው ቅብ ጉብታ አጠገቡ ሲቀመጥ የጎረቤት ውሻ ጎጆ መሰለ።

ፕሮፌሰሩ ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ካፖርታቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ አልልሽም» አሉ። «ከጠዋቱ ሲያዩት ቆሻሻ ነበር። አሁን ሲያዩት አይደለም። ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ያንቺ ነው።»

ቀማሚዋ መደሰት እንዳለባት ታውቃለች። ደስታው ግን መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ከፊቷ የቆመው ጓንቱን የሚያወልቀው ሰውዬ ሆነ። አላመሰገነችውም፤ እሱም የጠበቀ አይመስልም።

«ከእንግዲህ በጨለማ መጫኑን እኔው እማራለሁ» አለች ለፕሮፌሰሩ። «ለሌላ ሰው ማስቸገር የለብኝም።»

«ትማር» አለ ባለማሽኑ። «ማግኔቱ ሆድ ውስጥ ያለችውን የመስታወት ማስገቢያ ስንት ጊዜ እንደሰበርኳት ይጠይቁኝ። እኔ በሰበርኩበት ጊዜ ግን መለዋወጫ ነበር።»

«መማር የለም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ያቺ ብትሰበር ማሽኑ ዓመት ይቆማል። ይህ ቅብ በጨለማ እንጂ አይጫንም፤ በጨለማ የሚጭን ደግሞ አንድ ሰው ነው ያለኝ። እሱ ይጭናል።»

«በሩስ?» አለ ባለማሽኑ። «በሩ ቁልፍ የለውም።»

ፕሮፌሰሩ ቀማሚዋን አዩ። ቀማሚዋ ወለሉን አየች።

ሰኞ ጠዋት ቀማሚዋ ሳጥኗን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ባለማሽኑ ቱቦዎቹን ተቀብሎ መብራቱን አጠፋ። እሷ ወጥታ በሩን ዘጋች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፣ ለእህቷም ደወለች። እህቷ ስልኩን አላነሳችም።